ድልድዩ ለምን በአንድ መስመር ይታለፋል?

የበጎ ፈቃደኞችን የመንደር ማስታወሻ የምታነቡ ከሆነ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አውሮፕላኑ ያርፋል፣ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፣ መኪናው በኮረኮንች መንገድ ይንገጫገጫል፤ መጨረሻ ላይ ሕፃናት እየሮጡ ይመጣሉ። አገሩ ጋና ሆነ ቶጎ ለውጥ የለውም። ኬንያዊው ደራሲ ቢንያቫንጋ ዋይናይና እ.ኤ.አ. በ2005 «ግራንታ» መጽሔት ላይ ስለ አፍሪካ አጻጻፍ ባወጣው ምጸታዊ ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ልክ ልኩን ነግሮታል።

ነገሩን የፈረንጅ አመል ብቻ ብለን ብናልፈው ግን ራሳችንን መሸወድ ነው። ክረምት ሲመጣ ለበጎ ፈቃድ ከአዲስ አበባ የሚወጣው የኛው ወጣት የሚለጥፈውንም እዩት። ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ይደርሳል፤ ልምላሜው ያስደንቀዋል፤ የእንሰቱን ጓሮ ፎቶ ያነሳል፤ ሕዝቡ «እንግዳ ተቀባይ» ነው። ከዚያስ? ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አንሰማም። ሐዲያና ከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደባቸው አካባቢዎች ናቸው። ቡና የምታቀርብልህ እናት ስለ ጆሃንስበርግ ካንተ የበለጠ ልታውቅ ትችላለች። ካልጠየቅካት ግን ጽሑፍህ ውስጥ ፈገግታ ብቻ ሆና ትቀራለች።

ከዚህ ጎን የቦጋለች ገብሬን ታሪክ ማንበብ ይጠቅማል። ከምባታ ተወልደው፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ»ን መሠረቱ። ሥራቸውን ሊጀምሩ ስለ ኤች አይ ቪ ሊያወያዩ ሲመጡ የአካባቢው ሰው ያነሳው ሌላ ጉዳይ ነበር፦ ድልድይ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ መድረስ አልቻሉም። ድልድዩ ተሠራ። የሴት ልጅ ግርዛትንና የጠለፋ ጋብቻን እስከ መድፈር የደረሰው የማኅበረሰብ ውይይት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ እሳቸው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ግን ከልጅነት ስቃያቸው ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደተሸለሙት የቤልጂየሙ የንጉሥ ቦዱዊን ሽልማት ይሮጣል። ድልድዩ ቢነሳም እንደ ቀልድ በአንድ መስመር ነው። ለኔ የታሪኩ እምብርት እሱ ነው። አዲስ ነገር ይዞ የመጣው ሰው የያዘውን ለጊዜው አስቀምጦ መጀመሪያ የሰማው እዚያ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ቦጋለች የአገሩ ልጅ ነበሩ፣ ቋንቋውንም ያውቁ ነበር፤ የመንደሩ ሰው እንኳን ለባዕድ ለሳቸውም የራሱን ጥያቄ አስቀድሟል። የድርጅቱ ስም ራሱ በከምባትኛ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ሲሠሩ ማለት ነው። ታሪኩን የአንዲት ጀግና ብቻ አድርጎ መጻፍ ከስሙ ጋር ይጣላል።

ስለዚህ ቀጣዩን የበጎ ፈቃደኛ ማስታወሻ ስትከፍቱ የሙቀቱንና የመንገዱን ገለጻ እለፉትና አንድ ነገር ፈልጉ፦ መንደሩ ምን ጠየቀ? መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ከሌለ፣ ጸሐፊው ፎቶ አንስቶ ተመልሷል እንጂ ገና መንደሩ አልደረሰም።