የሻይ እርሻ ልጆችና ዓለም አቀፍ ጠበቆቻቸው

ስለ ልጆች መብት በዓለም ጉባኤዎች ፊት የሚቀርበው አቤቱታ ሰፋፊ የተክል እርሻዎችን በሚመለከትበት ጊዜ አዘውትሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጁ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን የሕዝብን ኑሮ ለሚያጠና ሰው አይበቃም። የተክል እርሻ ሰው የሚወለድበት፣ የሚያገባበትና የሚቀበርበት መንደር ስለ ሆነ፣ የልጁ መብት የሚጠበቀውም የሚጓደለውም በቤቱና በዜግነቱ ጭምር ነው።

ለዚህ አቤቱታ መሠረት የሆኑትን ሁለት ሰነዶች እንመርምር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 ስለ ተክል እርሻዎች ያጸደቀው 110ኛው ስምምነት ነው። ይህ ሰነድ ደመወዝን፣ ዕረፍትን፣ የወላዶችን ጥበቃ፣ የማኅበር ነጻነትን፣ መኖሪያ ቤትንና ሕክምናን በየክፍሉ ሲደነግግ፣ ለልጆች ራሱን የቻለ ክፍል አልሰጣቸውም። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ቤቱን የሚለቅበት ተገቢ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፤ በዚህም ቤት ሥራን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑን ተቀብሎታል። ሁለተኛው በ1989 የጸደቀው የልጆች መብት ስምምነት ነው። እርሱ ልጁን ራሱን ባለ መብት አድርጎ በ7ኛው አንቀጽ ስለ ስምና ዜግነት፣ በ12ኛው ስለ መደመጥ፣ በ28ኛው ስለ ትምህርት፣ በ32ኛው ስለ ጉልበት ብዝበዛ ይናገራል። ነገር ግን አሠሪውና የቤቱ ባለቤት አንድ በሆኑበት መንደር እነዚህ መብቶች እንዴት እንደሚፈጸሙ አይዘረዝርም።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በስሪ ላንካ ደጋ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከደቡብ ሕንድ መጥተው በመጀመሪያ በቡና፣ በኋላም በሻይ እርሻ የሠሩት ታሚሎች፣ «ላይን» በሚባሉ ተያይዘው በተሠሩ ረጃጅም ቤቶች ውስጥ ትውልድ ተክተዋል። የ1948 የዜግነት ሕግ ግን የአባቶችን በደሴቲቱ መወለድ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ ከእነርሱ የሚበዙትን ያለ አገር አስቀራቸው። በ1964 ሕንድና ሲሎን ባደረጉት ውል 975,000 ሰዎች ተከፋፈሉ፤ 525,000 ለሕንድ፣ 300,000 ለሲሎን ተመደቡ፣ የቀሩት 150,000 ለኋላ ውይይት ተተዉ። ከተከፋፈሉት መካከል ከዚያ ተራራ በቀር ሌላ አገር አይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ለቀሩት ዜግነትን የሰጠው ሕግ የወጣው በ2003 ነው። እንግዲህ በእነዚያ ዘመናት ቅርጫት ያልተሸከመና ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ፣ የሥራውን ሁኔታ ብቻ ለሚጠይቅ ጠበቃ መብቱ የተሟላለት መስሎ ይታይ ነበር፤ አገር ግን አልነበረውም።

ለጠበቆቹ የሚቀርበው መከላከያ፣ የሩቅ ገዢን ልብ የሚነካ አንድ ግልጽ ክስ ያስፈልጋል የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው። የካካዎ ኩባንያዎች በ2001 ከባዱን የልጆች ሥራ ለማስቀረት የፈረሙት በእንዲህ ያለ ግፊት ነው። ሆኖም ለ2005 የተቀጠረው ግብ ሳይደረስበት ቀረ። በጋናና በኮት ዲቯር ካካዎ በአመዛኙ የሚለማው በትናንሽ የቤተ ሰብ ማሳዎች ነው፤ ልጁም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከወላጆቹ ጋር ነው። የሻይ እርሻው ልጅ ግን የሚኖረው በአሠሪ ቤት ነው። ሁለቱን «የልጆች ሥራ» በሚል አንድ ስም መጥራት ለክስ ይመች ይሆናል፤ ለመፍትሔ ግን አይመችም። የፊተኛው የሚሻው የወላጁን ገቢ ሲሆን፣ የኋለኛው የሚሻው ከሥራ ውል የተለየ የቤት ይዞታ ነውና።

ስለዚህ ማናቸውም አቤቱታ ወደ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ሦስት ነገሮችን መርምሮ ይቅረብ፤ ወላጅ ሥራ ቢያጣ ልጁ የት ያድራል? በየትኛው መዝገብ፣ የየት አገር ሰው ተብሎ ተጽፏል? ስለ ራሱስ በቋንቋው ተጠይቋልን? እነዚህን መልሶች አጣርቶ ማቅረብ የእኛ የአጥኚዎቹ ድርሻ ነው፤ ይህን ሳናደርግ ጠበቆቹን ብቻ ብንነቅፍ ፍርዳችን ሚዛን ይጎድለዋል።