የዕብነ በረድ እንግዶች በባለርስት ቤት

ኪነ ጥበብን ከባለቤትነት ጥያቄ ነጥሎ መመልከት እንደማይቻል ደጋግመን እንናገራለን፤ ነገሩን በአንድ ተጨባጭ ሥራ ላይ ስናሳይ ግን እምብዛም አንታይም። ስለዚህ እዚህ ላይ አንድ ሥዕል ብቻ እንመረምራለን፤ ትውልደ ጀርመናዊው ዮሃን ዞፋኒ እ.ኤ.አ. ከ1781 እስከ 1783 ለንደን ውስጥ የሣለውንና ዛሬ በእንግሊዝ አገር በበርንሊ ከተማ የሚገኘውን «ቻርልስ ታውንሊ በቤተ መጻሕፍቱ» የተሰኘውን።

ሥዕሉ በጥንት ሐውልቶች ያጌጠ መኖሪያ ቤት ያሳያል። የላንክሺር ባለርስት የሆነው ታውንሊ ከወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ውሻው ከእግሩ ሥር ተጋድሟል፤ ሦስት ወዳጆቹ አብረውት አሉ። በዙሪያቸው ቬነስና ሌሎች የዕብነ በረድ ምስሎች ተጨናንቀው ቆመዋል። ድንጋዩ ላይ ያረፈው ብርሃን የሠዓሊውን እጅ ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ክፍሉ በእውነቱ እንዲህ አልነበረም። በልዩ ልዩ ክፍሎች የነበሩትን ሐውልቶች ዞፋኒ በብሩሹ ወደ አንድ ክፍል ሰበሰባቸው። ይህ ፈጠራ ከእውነቱ የበለጠ ይናገራል፤ ሥዕሉ ከቤት ሥዕልነቱ ይልቅ የንብረት መዝገብ ነውና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግረን ዲስክ ወርዋሪው ነው። ሐውልቱ ግሪካዊው ማይሮን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በነሐስ የሠራውና ዛሬ የጠፋው ሥራ የሮማውያን ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ቲቮሊ ከሚገኘው የንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ቪላ ተቆፍሮ ወጣ፤ ታውንሊ ገዛው፤ ዞፋኒም በ1798 በሥዕሉ ላይ ጨመረው። ነገር ግን ጠጋኞቹ የገጠሙለት ራስ የራሱ አልነበረም፤ አገጣጠሙም የተሳሳተ ነበር። ዞሮ ዲስኩን መመልከት የሚገባው አትሌት ወደ መሬት አቀርቅሯል። የሌላውን ሕዝብ ሥራ ለሳሎን የሚያበጅ ሰው አንገቱን እንኳ እንደ ገበያው ፈቃድ ያዞረዋል ብንል ማጋነን ይሆንብናልን?

በሥዕሉ ውስጥ የሌሉትንም እንቁጠር። ድንጋዩን ከተራራ የፈለጠው፣ ከአፈር ቆፍሮ ያወጣው፣ በመርከብ የጫነው፣ ለግዢው የዋለውን የመሬት ግብር የከፈለው ገበሬ፣ አንዳቸውም አይታዩም። ቀለሙም የለም፤ የጥንት ሰዎች ሐውልቶቻቸውን በቀለም ያስውቡ ነበር፤ የታውንሊ ዘመን ግን ነጭነትን የውበት ሕግ አድርጎ ተቀበለ። የጉልበቱም የቀለሙም አሻራ ከጠፋ በኋላ የቀረው ንጹሕ ውበት ተባለ።

ታውንሊ ቤቱን ለጎብኚዎች ይከፍት ነበር፤ በ1805 ሲሞት የብሪታንያ ቤተ መዘክር ስብስቡን በ20,000 ፓውንድ ገዝቶ ለሕዝብ አቀረበው የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው። ሰውየው ድንጋዩን ከልቡ ይወድ እንደነበረም አንክድም። ነገር ግን ፍቅር የባለቤትነትን ጥያቄ አይመልስም። በር መክፈትም የባለበሩን ሥልጣን ያረጋግጣል እንጂ አይሽረውም።

ይህ ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አይደለም። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የሮማ አደባባይ ጌጥ ሆኖ ቆሟል፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው። በእነዚያ ዓመታት በሮማ ያለፈ ስደተኛ ያየው የድንጋዩን ቁመት ብቻ አልነበረም፤ እንደ እርሱ ከቦታው የተነቀለ ነገርን ነበር። በጠባብ የኪራይ ክፍላችን መስኮት ላይ ከገበያ የገዛናትን ትንሽ የጄሶ ቬነስ ስናኖርም ያው ጥያቄ ይከተለናል፤ የማን ሥራ ናት? ከየት ተነሥታ፣ በማን ጫንቃ መጣች?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። የዞፋኒ ሥዕል ግን የሰው ዕብነ በረድ እንደሚያደምቅ፣ ያውም እጅግ እንደሚያደምቅ ያሳያል። የሃያሲው ተግባር ድምቀቱን መካድ አይደለም፤ በድምቀቱ ውስጥ ያልተሣሉትን ሰዎች ወደ ክፍሉ መጥራት ነው።