ስለ አሮጌ የመስክ መኪና የትንፋሽ ቫልቭ «ማሻሻል» የቀረበ ትችት

ስለ አሮጌ የመስክ መኪናዎች ጥገና በተነሣ ቁጥር «የትንፋሽ ቫልቩን አሻሽለው» የሚል ምክር አብዝቶ ይሰማል። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ግን በአንድ ሐሳብ የተስማሙ አይደሉም። አንዳንዶቹ፥ ማሻሻል ማለት ቫልቩን ነቅሎ ጥሎ ቱቦውን ወደ ውጭ መልቀቅ ነው ይላሉ። ሌሎቹ፥ በፋብሪካው ቫልቭ ፈንታ ሰፋ ያለ ወይም በብሎን የሚስተካከል አዲስ ቫልቭ መግጠም ነው ይላሉ። የቀሩትም በቱቦው መካከል ዘይት የሚያጠራቅም ጣሳ ማስገባት ነው ይላሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ «ማሻሻል» የሚለው ቃል ለሦስቱም የሚገባ መሆኑንና አለመሆኑን ነው።

ወደዚህ ምርመራ የመራን አንድ አሮጌ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። መኪናው የ40 ተከታታይ ከሚባለው ወገን ሆኖ፥ ቤንዚን የሚያነድ፥ ባለ ስድስት ሲሊንደር፥ 4.2 ሊትር የሆነ «2ኤፍ» የተባለ ሞቶር አለው። የሚያገለግለውም አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው፤ በክረምት ጭቃውን ጥሶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ሌላ መኪና በአካባቢው የለም። ከሞቶሩ በስተኋላ ዘይት ማንጠባጠብ ስለ ጀመረ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደ። የጋራዡም ባለሙያ ምንም ሳይለካ «ፋሻው አልቋል፤ ሞቶሩ ይውረድ» ሲል ፈረደበት። ለሥራው የተጠየቀው ገንዘብ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ነበረ። ሌላ መካሪ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ሰፊ ቫልቭ ቢገጠም ነገሩ ሁሉ ይድናል አለ። ዕድሜያቸው የገፋው ሾፌር ግን፥ «ልጆቼ፥ ሁለቱም ሳያዩ ነው የተናገሩት፤ እናንተ ተምራችኋልና እስቲ እዩልኝ» አሉን።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚንና አየር ሲቃጠሉ፥ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስቶኑ ቀለበቶች ዳርና ዳር ሾልኮ ወደ ሞቶሩ ታችኛ ክፍል ይወርዳል። ይህን ክፍል በዚህ ጽሑፍ «የሞቶሩ ሆድ» እንለዋለን። ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ በአዲስ ሞቶርም ቢሆን አይጠፋም፤ ባረጀ ሞቶር ግን ይበዛል። በውስጡም ያልተቃጠለ ቤንዚን፥ የተቃጠለ ጋዝና የውሃ እንፋሎት ይገኛሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ እንደሚወጣው ያሰበ ሰው፥ ከዚህ ጥቂቱ እንኳ በሆድ ውስጥ ቢቀር ዘይቱን ምን እንደሚያደርገው ለመገመት አይቸገርም። ዘይቱ ይወፍራል፤ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል፤ አሲድም ፈጥሮ ብረቱን ይበላል። መውጫ ያጣው ጋዝ ደግሞ ግፊት ስለሚፈጥር ዘይቱን በጋርኒሲዮኑና በፓራኦሊዮው በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሞቶር እንደ ሰው መተንፈስ አለበት።

በቀድሞው ጊዜ መተንፈሻው አንድ ክፍት ቧንቧ ነበረ። ቧንቧው ከሞቶሩ ጐን ወደ መሬት ይወርድና መኪናው ሲሮጥ በአጠገቡ የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ስቦ ያወጣው ነበር። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ወይም ሲቆም ግን የሚስብ ነፋስ የለም። የመስክ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በዝግታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራው የዊሊስ ጂፕ ጋዙን በቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መልሶ እንዲቃጠል የሚያደርግ ዘዴ የተገጠመለት መሆኑ፥ ለእንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ክፍት ቧንቧ የማይበቃ መሆኑን ያስረዳል። ከዚያም በኋላ የከተማ አየር መበከል ሲያሳስብ፥ በካሊፎርኒያ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይኸው ቫልቭ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ እንዲኖር ተደረገ።

ቫልቩ በመልኩ ትንሽ ነው፤ በውስጡ አንድ ተንቀሳቃሽ ቡሽና አንድ ሞላ አለው። ሞቶሩ በሚኒሞ ሲዞር በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመምጠጥ ኀይል ብርቱ ስለሆነ ቡሹን ስቦ መንገዱን ያጠበዋል፤ ጥቂት ጋዝ ብቻ ያልፋል። መኪናው በመጠነኛ ፍጥነት ሲጓዝ የመምጠጡ ኀይል ይቀንሳል፤ ሞላውም ቡሹን መልሶ መንገዱን ያሰፋዋል። ሞቶሩ ወደ ኋላ ቢተኩስ ቡሹ መንገዱን ዘግቶ እሳቱ ወደ ሆድ እንዳይገባ ይከላከላል። ስለዚህ ቫልቩ ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን መጣኝም ዘበኛም ነው።

አሁን ወደ ትችታችን እንመለስ። ቫልቩን ነቅሎ ቱቦውን ወደ ውጭ መልቀቅ የሚለውን የመጀመሪያውን ሐሳብ የሚደግፉ ሰዎች፥ ሞቶሩ የራሱን ቆሻሻ መልሶ መዋጡ አይገባም ይላሉ። አነጋገሩ ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ወደ ቀድሞው ክፍት ቧንቧ መመለስ እንጂ ወደ ፊት መሄድ አይደለም። ጋዙን የሚስብ ኀይል ስለማይኖር እንፋሎቱ በሆድ ውስጥ ይቀራል። ወንዝ በሚሻገርበትም ጊዜ፥ የጋለው ሞቶር ድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ጋዝ ይኰማተርና ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለው ቱቦ ውሃ ሊስብ ይችላል። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ። እንግዲህ ይህን ሐሳብ «ማሻሻል» ብሎ መጥራት ቃሉን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

ስለ ጣሳው የምንለው አጭር ነው። በደንብ የተሠራ ጣሳ ከጋዙ ጋር የሚሄደውን የዘይት ጉም አጥልሎ ስለሚያስቀር ማኒፎልዱ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ይሁን እንጂ ጣሳው የቫልቩን ሥራ አይሠራም፤ በጊዜውም ካልተደፋ ራሱ መጋረጃ ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። ረዳት ነው ቢባል እንስማማለን፤ መድኀኒት ነው ቢባል ግን አንስማማም።

ሰፊ ጥናት የሚያሻው ሁለተኛው ሐሳብ ነው። በዚህም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ አንዱ ሰፊ ቫልቭ፥ ሌላው የሚስተካከል ቫልቭ። ሰፊው ቫልቭ «ብዙ መተንፈስ ጥሩ ነው» በሚል እምነት የተመሠረተ ነው። ነገር ግን በቫልቩ የሚያልፈው ሁሉ ካርቡራተሩ ያልመዘነው አየር ነው። ከልክ ሲያልፍ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፤ ዘይትም ከጋዙ ጋር ይመጠጣል። ጥርሱ በቀዳዳው ላይ ልክ የሆነ ቫልቭ ሁሉ ለዚያ ሞቶር የተመጠነ ነው ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ በማይታየው በሞላውና በቡሹ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ልዩ ጥያቄ ያስነሣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በሞቶር ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው መመሪያ፥ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የማኒፎልዱ የመምጠጥ ኀይል በአንድ የባዜቃ ኢንች ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። በባሕር ዳርቻ በሚኒሞ 18 ኢንች የሚያሳይ ጤናማ ሞቶር አዲስ አበባ ላይ 10 ኢንች ያህል ቢያሳይ አያስደንቅም። ይህም መጠን በባሕር ዳርቻ ጭነት ይዞ በመጓዝ ላይ ያለ መኪና ከሚያሳየው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ለቆላ የተመጠነው ቫልቭ፥ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚጓዝ መስሎት መንገዱን ከሚገባው በላይ ይከፍታል። በዚህ ላይ ሰፊ ቫልቭ መጨመር በትርፍ ላይ ትርፍ መደረብ ነው።

በሌላ በኩል ካርቡራተሩም በቀጭኑ አየር ምክንያት ቤንዚን ያበዛል። በሚኒሞ ጊዜ የቫልቩ ትርፍ አየር የካርቡራተሩን ትርፍ ቤንዚን በከፊል ይሸፍነዋል፤ አንዱ ስሕተት ሌላውን ደብቆ ይኖራል ማለት ነው። ቫልቩን ብቻ ለይቶ «ያሻሻለ» ሰው ተደብቆ የነበረውን ስሕተት ያወጣዋል፤ ከዚያም አዲሱን ቫልቭ ይረግማል።

የሚስተካከለው ቫልቭ ምስጋና የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚኒሞውንና የጉዞውን መጠን ለየብቻ ለማስተካከል የሚያስችል ስለሆነ፥ የፋብሪካው ሞላ ሊያውቀው ያልቻለውን ከፍታ ባለቤቱ ሊነግረው ይችላል። ነገር ግን ያለ መለኪያ የሚዞር ብሎን ከመገመት አያልፍም። ደግሞም ከደጋ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መኪና፥ በደጋ የተስተካከለው በቆላ ልክ እንደማይሆንለት ማሰብ አለበት። በናፍጣ ለሚሠሩትም ብዙዎቹ የመስክ መኪናዎች ይህ ቫልቭ አይስማማም፤ አየሩን የሚያንቅ ክዳን ስለሌላቸው በማኒፎልዳቸው ውስጥ ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ የመምጠጥ ኀይል አይገኝም።

ወደ ጤና ጣቢያው መኪና እንመለስና ያደረግነውን እንናገር። ግልጽ የሆነ የላስቲክ ቱቦ እንደ ፈረስ ኮቴ አጥፈን ውሃ ጨመርንበት፤ አንዱን ጫፍ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ላይ አጥብቀን ሌላውን ክፍት ተውነው። ሞቶሩ በሚኒሞ ሲዞር ውሃው ወደ ክፍቱ ጫፍ ተገፋ፤ በሆድ ውስጥ ግፊት አለ ማለት ነው። ቫልቩን አውጥተን ስንነቀንቀው ድምፅ አልሰጠም፤ ቱቦውም በጥቁር ሙጫ ተደፍኖ ነበር። ፈረዱበት የተባለውን ፋሻ ለማወቅ የስድስቱን ሲሊንደሮች ግፊት በመለኪያ አየን፤ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡና የሚያሳፍሩ ያልሆኑ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ቱቦውን ለውጠን፥ የአየር መግቢያውን ማጣሪያ በነጭ ጋዝ አጥበን፥ ለዚያው ሞቶር የተሠራውን ቫልቭ አስገባን። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ሞቶሩ በኩል ተሳበ። በዘይት መሙያው አፍ ላይ የተቀመጠውም ስስ ወረቀት፥ ቀድሞ ይበር የነበረው፥ አሁን ተጣብቆ ቀረ። የዘይቱ ማንጠባጠብ በእጅጉ ቀነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልቆመም፤ ፓራኦሊዮው ራሱ በዕድሜ ደርቋልና።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ማሻሻል ተብሎ የሚጠራው ነገር ጥገናን የመሸሽ ዘዴ ነው። ቫልቩ ተደፍኖ ሳለ ቫልቩ አይረባም ይባላል። በእርግጥ ፋሻው ባለቀ ሞቶር ላይ ምንም ዓይነት ቫልቭ አያድንም፤ ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ ከቫልቩ አቅም በላይ ይሆናልና። ነገር ግን ያለቀውን ካላለቀው የሚለየው መለኪያ ነው እንጂ የተናጋሪው ድምፅ ማየል አይደለም። ቅደም ተከተሉም መለካት፥ ማጽዳት፥ ተገቢውን መመለስ፥ ከዚያ በኋላ ከፍታውና ሥራው የሚያስገድድ ከሆነ የሚስተካከለውን መግጠም ሊሆን ይገባዋል።

የሜካኒክስ ተማሪ የሆኑ ጓደኞቻችን አንድ ዓይነት ቫልቭ የያዘ አንድ መኪና ከእንጦጦ እስከ አፋር ቆላ በየከፍታው እየለኩ ቢከተሉት፥ ለደጋው አገር የሚስማማውን መጠን በቁጥር ለማስቀመጥ ይቻላል። የዚህ ዓይነት ሠንጠረዥ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከብዙ ክርክር ያድነናል። ሾፌሩ ግን ሠንጠረዡን አልጠበቁም፤ የላስቲክ ቱቦዋን ለምነው ወሰዱ፥ በመኪናው ኪስም አኖሯት። ከእንግዲህ ወዲህ «ሞቶሩ ይውረድ» የሚላቸው ሰው ቢመጣ በመጀመሪያ ውሃው ወዴት እንደ ሄደ ያሳዩታል።