መምህሩ የተረሳበት ንባብ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በመምህራን የመጽሐፍ ውይይት

መምህራን ልቦለድ ሊወያዩ ሲሰበሰቡ ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩበትን ዘዴ ይዘውት ይመጣሉ። ሰብሳቢው ጭብጡን ይጠይቃል፤ አንዱ ሴራውን ይተርካል፤ ሌላው ገጸ ባሕርያቱን ዋናና ንዑስ ብሎ ይከፋፍላል፤ መቼቱ ላይ ሲደረስ ሻይ ይቀርባል። በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ያውቀዋል። ስለዚህ ስለ ፍቅሩ ይወራል፣ የባላባቱ ሥርዓት ይወገዛል፣ ስብሰባው ይበተናል። በዛብህ መምህር መሆኑን ግን፣ በመምህራን ጉባኤም ቢሆን፣ የሚያነሣው ጥቂት ነው።

የልቦለዱ መዞሪያ ግን እዚያ ላይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ ሲመርጡ አጥንት ይቆጥራሉ፤ የሚመጥናት ጠፍቶ ሰብለ የመዳሪያ ዕድሜዋ ያልፋል። ይህ ሁሉ ጥበቃ ባለበት ቤት በዛብህ የሚገባው ፊደል ሊያስተምር ነው። የገበሬ ልጅ፣ በእናት አባቱ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የተማረ ድኻ ነው። ለጋብቻ የሚመጣውን ሁሉ እየመዘነ የሚመልስ ቤት አስተማሪውን አይመዝነውም፤ ከሰው ቁጥር አላገባውማ! እውቀቱ ይፈለጋል፤ ባለ እውቀቱ ግን ከአሽከር ብዙም ከፍ አይልም። ደራሲው ይህን ንቀት ትልቁ ክፍተት አድርገውታል፤ ፍቅሩ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው፣ «የትውልድ ቀራጭ» እየተባለ የሚሞገስ የዛሬ መምህር ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሐዲስ ዓለማየሁ የትምህርትን ነገር ከሩቅ ያዩ ሰው አልነበሩም። ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል፤ «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆነዋል። የማስተማርን ሥራ የታሪኩ መነሻ ማድረጋቸውን በአጋጣሚ የሆነ አድርጌ ማየት ይከብደኛል።

በልቦለዱ ውስጥ ሁለተኛ መምህርም አለ፤ ጉዱ ካሣ። ወንበርም ጉባኤም የለውም፤ አገሩ በእብደት ያማዋል፤ በዛብህን ግን ከዲማ ይልቅ ዓይኑን የገለጠለት እሱ ነው። መምህራን ሲወዱት ለጉድ ነው፤ በየውይይቱ በብዛት የሚጠቀሰው እሱ ነው። እዚህ ላይ ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ጉዱ ካሣ ንግግሩ ሲረዝም ልቦለዱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሥርዓቱን እንደ ድንጋይ ካብ አድርጎ ሲያስረዳ ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ ሲነሡ ያንኑ ሐሳብ ያለ ማብራሪያ እናየዋለን። የተሻለው ትምህርት ይኸኛው ነው። እኛ አስረጂ ስለሆንን አስረጂው ያስደስተናል፤ ደራሲው በድርጊት ያሳዩትን ትተን በአንደበት ያስነገሩትን እንጠቅሳለን።

ሰብለንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ተማሪ ናት፤ የተማረችው ደግሞ ፊደል ብቻ አይደለም። የአባቷን ቤት ትታ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ መንገድ የምትጀምረው እሷ ናት። መምህሯ በስለቱና በፍርሃቱ ሲያመነታ ተማሪዋ ትቀድመዋለች። በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ አንድ ሙሉ ስብሰባ ቢያልቅ አይቆጭም።

ውይይት ሲያበቃ «ቀጥሎ ምን እናንብብ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በስም ጥሪ ነው፤ «ኦሮማይ»፣ «አልወለድም»፣ ሰሞኑን የወጣ አንድ ትርጉም። ጥቆማም ሂስ ነው፤ ያለፈው ንባብ ያነሣውን ጥያቄ መቀጠል አለበት። ለዚህ ከዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የሚቀርብ አላገኘሁም። በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ አደፍርስ ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ገጠር የተላከ ወጣት ነው። በዛብህ የተናቀ መምህር ከነበረ አደፍርስ በእውቀቱ የተማመነ ነው፤ ይከራከራል፣ ይተነትናል፣ አገሬውን ሊያነቃ ይቸኩላል። የጉዱ ካሣ ንግግር ዘመናዊ ትምህርት ቢያገኝ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ነው፤ ደራሲው ግን ከአገሬው ወገን ለሆነችው ለወይዘሮ አሰጋሽም የሱን ያህል አንደበት ሰጥተዋታል። የመምህሩ ቃል የመጨረሻ ቃል አይሆንም።

ቋንቋው ይከብዳል፤ ብዙ አንባቢ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ይመለሳል። ስለዚህ ለየብቻ አንብቦ መምጣቱ ይቅርና አባላቱ ክርክሮቹን ተከፋፍለው ድምፅ እያሰሙ ያንብቡት። የአደፍርስን ንግግር ደግሞ በክበቡ ውስጥ ብዙ መናገር ለሚወደው መምህር ስጡት።