ሪያድ ላይ የቆመው ትራይስታር

ይህን የመሰለ አውሮፕላን እዚሁ ሪያድ፣ በምሥራቁ የቀለበት መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ እንዴት ሳንሰማ ኖርን? ከመንፉሃ በጥሃ፣ ከበጥሃ መንፉሃ ስንመላለስ ስንት ዘመን አለፈ! ለካ በሰቅር አል ጀዚራ የአቪዬሽን ሙዚየም፣ ደጅ ሜዳው ላይ፣ ሎክሂድ ትራይስታር አለ፤ 54 ሜትር አካሉን ዘርግቶ፣ ሦስቱን ሞተሮቹን ይዞ። በጠቅላላው የተሠራው 250 ብቻ ነው፤ አብዛኛውም ተቆራርጦ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል። ለእኛ ግን በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

የሄዳችሁ ጊዜ በቀጥታ ወደ ጅራቱ ዙሩና ከጎን ሆናችሁ ሦስተኛውን ሞተር ፈልጉት። አታገኙትም! የምታዩት አፉን ብቻ ነው፤ ከቋሚው ጅራት ሥር፣ ከጀርባው ላይ። ሞተሩ ራሱ ታች፣ አካሉ በሚያልቅበት ውስጥ ተቀብሯል፤ አየሩ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ይወርድለታል። ተፎካካሪው ዲሲ 10 ቀላሉን መንገድ ይዞ ሞተሩን ቋሚው ጅራት መሃል ሰካው። ሎክሂድ ከባዱን መረጠ፤ የሞተሩ ክብደት ዝቅ አለ፣ የቋሚው ጅራት መሪም ማንም ሳይሻማው ከላይ እስከ ታች ሙሉ ሆነ። እኔ እንደዚህ የሚያምር የአውሮፕላን ጅራት አላውቅም።

ያ ሁሉ የተቻለው በሞተሩ ነው። ሮልስ ሮይስ የሠራው አርቢ 211 እንደ ሌሎቹ በሁለት ሳይሆን በሦስት ዘንግ የሚዞር፣ እያንዳንዱ ዘንግ በራሱ ፍጥነት የሚሄድ፣ በዚህም የተነሣ ቁመቱ ያጠረ ሞተር ነበር፤ ስለዚህ ጅራቱ ውስጥ ገባ። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ትራይስታር በ1970 ኅዳር አጋማሽ ላይ (ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ ነው) መጀመሪያ በበረረ በሦስት ወሩ ሮልስ ሮይስ ከሰረ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ወረሰው። ሎክሂድም አብሮ ሊሰምጥ ሲል የአሜሪካ ሴኔት የ250 ሚሊዮን ዶላር የብድር ዋስትናውን 49 ለ48 አጸደቀ። በአንዲት ድምፅ ብልጫ! ዛሬ ሪያድ ላይ ቀና ብለን የምናየው አውሮፕላን ዕጣው በአንድ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው።

ብልሃቱ ደግሞ! በግንቦት 1972 የሎክሂድ የሙከራ አብራሪዎች ከፓልምዴል ካሊፎርኒያ ተነሥተው ዋሽንግተን አጠገብ ዱልስ እስኪያርፉ ድረስ 4 ሰዓት ከ13 ደቂቃ አውሮፕላኑ ራሱን አበረረ፤ መነሣቱንም ማረፉንም ራሱ ፈጸመው። ሊያርፍ ሲቃረብ አፍንጫውን ከፍ ዝቅ አያደርግም፤ በክንፉ ጀርባ ያሉት ሰሌዳዎች ትንሽ ተነሥተው ትንሽ ተኝተው ቁልቁለቱን ያስተካክላሉ፤ ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ጸጥ ብሎ ይወርዳል። በዚያን ዘመን!

የሳዑዲያ አየር መንገድ ትራይስታርን መውሰድ የጀመረው በ1975 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በተለይ ለሙቀት አገር የሚሆነውን፣ ኃይሉ የጨመረ ሞተር የተገጠመለትን 200 የተባለውን ዓይነት ከሁሉም ቀድሞ ተረከበ። ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፣ ክንፉም ሞተሩም ይደክማል፤ ሪያድ በበጋ ምን እንደሆነች ለእኛ አይነገረንም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠው ከቦሌ የሚነሣ አብራሪም የሳሳ አየር ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃል።

በዚህ አውሮፕላን ስም የተያያዘ ሐዘንም አለ፤ ዘሎ ማለፍ ነውር ነው። በነሐሴ 1980 ከዚህችው ከሪያድ የተነሣው የሳዑዲያ በረራ 163 እቃ ማስቀመጫው ውስጥ እሳት ተነሣበት። ተመልሶ ማኮብኮቢያው ላይ ሳይሰበር አረፈ። በሮቹ ግን በጊዜው አልተከፈቱም፤ የነበሩት 301 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ነፍሳቸውን ይማር።

ለሐበሻ ደግሞ ሌላ ክር አለው። የእኛም አየር መንገድ የእነሱም በ1940ዎቹ አጋማሽ ላይ ሲቋቋሙ ያሳደጋቸው አንድ ሞግዚት ነው፤ ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ። የእኛው በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ 47 ነው፤ የእነሱም ጅማሬ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለንጉሥ አብዱልአዚዝ የሰጡት ዲሲ 3 ነው፤ ሁለቱ አንድ ዘር ናቸው። ትራይስታርን በ1968 ቀድመው ካዘዙትም አንዱ ያው ቲደብሊውኤ ነው። እኛ የቦይንግ ቤተሰብ ሆነን ቀረን እንጂ ከዚህ አውሮፕላን ጋር ሥጋ ዘመድ ነበርን።

ዝምድናውም አላለቀም! ሎክሂድ ከትራይስታር በኋላ ሌላ የመንገደኛ ጄት አልሠራም፤ ያ ባለ ሦስት ዘንግ ሞተር ግን ልጅ ወለደ፣ ልጁም ትሬንት ተባለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ኤርባስ ኤ350ን ሲያስገባ በክንፎቹ ሥር ተሰቅሎ የመጣው ይኸው ትሬንት ነው።