ጎራ የለወጠ ክፉ ሰው የሚታመነው መቼ ነው?

የኮሚክ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ክፉ ገጸ ባሕርይ ጎራ ሲለውጥ አንባቢን እንደማሳመን የሚከብድ ሥራ ጥቂት ነው። ጀግና ቢሳሳት ሰው ነውና አንባቢ አይደንቀውም። ክፉው ደግ ሲሆን ግን ወዲያው ይጠረጥራል፤ «ደራሲው ስለፈለገ ነው የተለወጠው» ካለ ደግሞ ታሪኩ ያኔውኑ አለቀለት። ይህ ጥያቄ በገጠመኝ ቁጥር የማነበው ማርቭል እ.ኤ.አ. በ1997 ማሳተም የጀመረውን፣ ከርት ቢዩሲክ የጻፈውንና ማርክ ባግሊ የሣለውን «ተንደርቦልትስ» ነው።

በታሪኩ አቬንጀርስና ፋንታስቲክ ፎር የተባሉት የጀግኖች ቡድኖች ሞተዋል ተብሎ ኒው ዮርክ ያለ ጠባቂ ቀርታለች። በዚህ መሐል ተንደርቦልትስ የሚባል አዲስ ቡድን ይነሣል፤ ሕዝቡም በደስታ ይቀበለዋል። አንባቢዎች ቡድኑን ቀድመው በ«ሀልክ» 449ኛ ቁጥር ላይ አይተውት ስለነበር የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን ምስጢሩ ይወጣል፤ ጀግኖች የተባሉት ማስተርስ ኦፍ ኢቭል የተባሉ የአቬንጀርስ የድሮ ጠላቶች ናቸው። ሲቲዝን ቪ የሚባለው መሪያቸውም ባሮን ዜሞ ነው። የዓለምን እምነት ካገኘ በኋላ ዓለምን ሊገዛበት አስቧል።

የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ታሪክ አዲስ አይደለም። የቢዩሲክ ብልሃት ለምዱ ቀስ በቀስ የተኩላው ቆዳ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ሜሊሳ ጎልድን እንውሰድ። ከቤቷ ኮብልላ የወጣች፣ በሴቶች የትግል ቡድን ውስጥ ያለፈች፣ ስክሪሚንግ ሚሚ በሚል ስም በጩኸቷ ሰው ስትጎዳ የኖረች ሴት ናት። ሶንግበርድ ተብላ ሰው ስታድን ግን በሕይወቷ ያላገኘችውን ከበሬታ ታገኛለች። ቀድሞ ቢትል ይባል የነበረው ኤብ ጄንኪንስም እንዲሁ ነው። የጦር ልብሱን በገዛ እጁ የሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ ችሎታው እንዲታወቅለት ሲመኝ ኖሯል። ያንን እውቅና ያገኘው ማክ-1 ተብሎ ሰው ማዳን ሲጀምር ነው። በዚያ ላይ እሱና ሜሊሳ ይዋደዳሉ።

እዚህ ላይ የደራሲው ቅደም ተከተል ይታየኛል። መጀመሪያ የሚሳሱለትን ነገር ሰጣቸው፤ ምርጫውን ያቀረበላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ምንም የሌለው ሰው ወደየትኛውም ጎራ ቢሄድ አያስደንቅም፤ የሚያጣው የለምና።

ዜሞ ይህን ከሁሉም ቀድሞ ይረዳል። ሰዎቹ የውሸት ሥራቸውን እንደ ወደዱት ሲያይ ማንነታቸውን ራሱ ያጋልጣል፤ መመለሻ ሲያጡ ከእሱ ጋር ይቀራሉ ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ባላንጣ መጻፍ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል፤ የሰዎቹን ልብ ከራሳቸው በላይ ያውቃልና። ቡድኑን የተቀላቀለችው፣ ወላጆቿን ያጣች ልጅ ጆልት ደግሞ እውነቱን ካወቀች በኋላም «ያስመሰላችሁትን ሁኑ» ከማለት አልቦዘነችም። ቡድኑ ለሁለት ሲከፈል የሁሉም ምርጫ አንድ አልሆነም። አትላስ የተባለው ኤሪክ ጆስተን ለዜሞ ውለታ አለብኝ ብሎ ስለሚያምን ልቡ ይከፈላል። ሙንስቶን የተባለችው ካርላ ሶፈን የሰውን አእምሮ የምታጠና ባለሙያ ስለሆነች እያንዳንዱን እርምጃ በጥቅም ትመዝናለች። ታማኝነት ከየገጸ ባሕርዩ ጠባይ ሲመነጭ እንጂ ከሴራው ፍላጎት ሲመጣ አይታመንም።

ከ«ተንደርቦልትስ» አሥር ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ጆን ኦስትራንደር በዲሲ ኮሚክስ «ሱሳይድ ስኳድ»ን በሌላ መንገድ ጀምሮት ነበር። የቡድኑ አባላት የሆኑት እስረኞች ለመሪያቸው ለአማንዳ ዋለር የሚታዘዙት ቅጣታቸው እንዲቀነስላቸው ነው፤ የሚያመልጥም ቢኖር እጁ ላይ የታሰረው አምባር ይፈነዳል። የኦስትራንደር ማሰሪያ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ጥያቄው አምባሩ ሲወልቅ ምን ያደርጋሉ የሚል ነው። ከእስረኞቹ አንዱ የሆነው የዴድሾት ያለፈ ሕይወትም በጥንቃቄ ተነግሯል። በልጅነቱ፣ የሚወደው ወንድሙ አባታቸውን እንዳይገድል ሊያቆመው ሲተኩስ ሳያስበው ወንድሙን ገድሏል። ይህ ቁስል ለሕይወቱ ደንታ የሌለው ለምን እንደሆነ ያስረዳል፤ በገንዘብ የገደላቸውን ሰዎች ደም ግን አያጥብለትም። ያለፈ መከራን እንደ ይቅርታ ወረቀት የሚያውለበልብ ጸሐፊ የተጎዱትንም አንባቢውንም ይንቃል።

ለእኔ «ተንደርቦልትስ» ከፍታው ላይ የሚደርሰው ሞተዋል ከተባሉት አቬንጀርስ አንዱ የሆነው ሃውክአይ ቡድኑን ሊመራ ሲመጣ ነው። ሃውክአይ ኤብ ቀድሞ ለፈጸመው ግድያ ለሕግ እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ኤብም እስር ቤት ይገባል። ሜሊሳን፣ ቡድኑንና ያገኘውን ስም ትቶ ነው የሚሄደው። ያኔ ማንም አንባቢ አይጠራጠረውም፤ የሚከፍለው ገና አሁን ባገኘው ፍቅርና ክብር ነው።

ስለዚህ ክፉ ገጸ ባሕርይን ልለውጥ ስነሣ ከበደሉ በፊት የምጽፈው አሁን የሚሳሳለትን ነገር ነው። ጎረቤት፣ ሙያ፣ አዲስ ስም ሊሆን ይችላል። አንባቢው ያንን ነገር ከገጸ ባሕርዩ ጋር እስኪወደው ድረስ ገጾችን እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ዋጋውን እጠይቃለሁ። የሚሳሳለት ነገር ከሌለው ግን ለውጡን ለመጻፍ ገና ጊዜው አልደረሰም።