ቁርበት ፋቂው ስምዖን

ዘረኝነት ሲባል ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ቢቸናም ሆነ ሞጣ ያሉ ወጣቶችን ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው፤ ስለ ብሔር ፖለቲካ፣ በዜና ስለሰሙት፣ ስለ ሌላ ክልል ይነግሩኛል። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ግን የእኛው መንደር ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው አማርኛ፣ አገራቸው ጎጃም ነው። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የሚደረገውን ማንም «ዘረኝነት» ብሎ አይጠራውም። ስም ስላልወጣለትም በንስሐ ጸሎታችን ላይ ተነሥቶ አያውቅም።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችሁ አንብባችኋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከቢቸና ብዙም ወደማይርቀው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ይወስደናል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየመዘኑ ይመልሳሉ፤ በዚህ መካከል ሰብለና አስተማሪዋ በዛብህ ይዋደዳሉ። ደራሲው ትውልድ ቈጠራ ሰውን እስከ መቃብር እንደሚያደርስ አሳይቷል፤ አደንቀዋለሁ። ቅሬታዬ በእኛ በአንባቢዎቹ ላይ ነው። ሁላችንም የምናነበው በዛብህን ሆነን ነው፤ አልቅሰን መጽሐፉን እንከድናለን። ፊታውራሪን ሆኖ ያነበበ ወጣት እስካሁን አልገጠመኝም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ለእጮኝነት ስትታሰብ «እስቲ ቤተሰቧን አጣሩ» የሚለው ሽማግሌ ግን፣ ጥቅስ እየጠቀሰ ቢናገርም፣ አፉ የፊታውራሪ ነው።

አነጋገርን ማለዘብ ብቻውን ብዙ አልጠቀመንም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ በኅብረታችን መካከል «ጠይብ» ብሎ ፊት ለፊት የሚሳደብ የለም፤ «እነዚያ» ይባላል፣ «ዓይናቸው ጥሩ አይደለም» ይባላል። ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጩ የሚሮጠው ገበሬ፣ ልጁ ሲታመምበት የሚጠረጥረው ያንኑ ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ በጸሎት ጊዜ የሚሆነው ነው። አንዳንድ ቦታ ለታመመች እኅት ሲጸለይ «የማን ቡዳ ነህ? ማን ላከህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መንፈሱም የአንዲት ሸክላ ሠሪ ስም ይጠራል። ጉባኤው ያጨበጭባል፣ እልል ይላል፤ ስሙ ግን ከአዳራሹ ወጥቶ መንደር ለመንደር ይዞራል። ከዚያ በኋላ ከዚያች ሴት ጀበናና ምጣድ ማን ይገዛል? ልጇንስ ማን ያገባል? ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ሐሰት ከዲያብሎስ እንደሚመነጭ አስተምሮናል። በሌላው ነገር ሁሉ ውሸታም የምንለው፣ ጎረቤታችንን ሲከስስ ብቻ እንዴት የታመነ ምስክር ሆነ? በቅፍርናሆም ምኵራብ ጌታ ርኩሱን መንፈስ አስቀድሞ ዝም አሰኘው፤ ከዚያም አስወጣው። እኛ ግን ማይክራፎን እናስጠጋለታለን።

አሁን የሐዋርያት ሥራ 9ን እና 10ን ክፈቱ። በ1954ቱ ትርጉም ጴጥሮስ በኢዮጴ ያረፈበት ስምዖን «ቁርበት ፋቂ» ተብሏል፤ ያው በእኛ አገር ስድብ የሆነው ቃል ነው። (የጥናት ቡድኖቻችን ወደ ቆርኔሌዎስ ሲቸኩሉ ይህን ሰው ይዘሉታል።) የሞተ እንስሳ ቆዳ የሚነካ በመሆኑ ሙያው በአይሁድም ዘንድ የተናቀ ነበር። ጴጥሮስ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል የተማረው በዚህ ሰው ቤት ጣሪያ ላይ ሲጸልይ ነው። መልአኩም ለቆርኔሌዎስ ቤቱን ሲጠቁመው የስምዖንን ሙያ ጠርቶ ነው። በመልአኩ አፍ «ፋቂ» ማለት በባሕር አጠገብ ያለ የአንድ ቤት ምልክት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሦስቱ መልእክተኞች ያንን ቤት እየጠየቁ ከደጁ ደረሱ። ጴጥሮስም ወርዶ ተቀበላቸው፤ ወደ ሌላ ቤት ሳይወስዳቸው እዚያው ከፋቂው ቤት አስገብቶ አሳደራቸው።